ወንዙ የመጣ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር። እራት ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ እናቴ ኩራዙን ከምሰሶው ላይ ስትሰቅለው እኔ ቀድሜ ምድጃው አጠገብ እገኛለሁ፤ ዐይኔ እንዳይከደን ቅንድቤን በጣቴ ሽቅብ ይዤ የምቀመጥበትም ጊዜ ነበር። ያኔ ቤታችን ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የእግር መንገዱ አንድ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ አንድ ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ከሚደርስበት መንደር ውስጥ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ውስጡ ከጭስ ብዛት የጠቆረ ቤት ነው።

ተረቱን የሚነግሩን አያ ልመንህ ነበሩ። የእናቴ አጎት ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እናቴ «ብቻዎን ምን ይሠራሉ» ብላ አመጣቻቸውና ከግራ በኩል ያለው መደብ የእሳቸው ሆነ። ሞፈርና ቀንበር ይጠርባሉ፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ እሳቸው ይመጣል። ቀን በመጥረቢያ የጀመሩትን ማታ በቢላዋ እየፋቁ ያለሰልሱታል። ፍቅፋቂው ከጉልበታቸው ላይ እየተጠቀለለ ሲወርድ እኔ እየለቀምኩ ፍሙ ላይ እጨምራለሁ፤ ቦግ ብሎ ፊታቸውን ያበራና ተመልሶ ይጠፋል። የወይራ ፍቅፋቂ ሲሆን ጭሱ ዐይን አያቃጥልም፣ ደስ የሚል ሽታም አለው፤ የባሕር ዛፍ ሲሆን ግን ሁላችንም እናስላለን።

የእሳቸው ተረት ከሌላው ሰው ተረት ይለይ ነበር። ጎረቤት ቤት በሚወራው ተረት ውስጥ ጀግና አለ፤ ነብር በጦር የሚጥል፣ ዘንዶ በጎራዴ የሚቆርጥ። በአያ ልመንህ ተረት ውስጥ ነብሩም፣ መብረቁም፣ ጎርፉም አለ፤ ጀግናው ግን የለም። ያለው አንድ ተራ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲፈራ ምን እንዳደረገ ነው የሚነግሩን። መብረቅ ከደጇ ያለውን ዛፍ ሲሰነጥቀው ወደ ቤት ገብታ የጎረሰችውን ሳትውጥ እስኪነጋ ስለተቀመጠች ሴት ነግረውናል። በረዶ ሰብሉን ሲያወድምበት ማሳው መሐል ቆሞ ከት ከት ብሎ ስለሳቀ፣ ሳቁንም ማቆም አቅቶት ጎረቤት ደግፎ ስላስገባው ገበሬም እንዲሁ።

ከሁሉ አጥብቄ የማስታውሰው የነብሩን ነው። አንድ ሰው ከዘመድ ቤት ሲመለስ፣ ጫካ ውስጥ መንገዱ ጠመም ከሚልበት ቦታ ላይ ከነብር ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል። ሰውየው አልሮጠም፤ አልጮኸም። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ያጥፈው ጀመር። አንዴ አጠፈው፤ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካከለ፤ ደግሞ አጠፈው፤ ልክ ሣጥን ውስጥ ሊያስቀምጠው እንደሚያሰናዳ ሰው። ነብሩ ቆሞ አየው፤ አየውና ገለል ብሎ ወደ ጫካው ገባ። ሰውየው ቤቱ ሲደርስ የታጠፈውን ጋቢ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ነበር። ሚስቱ ልትቀበለው ብትጎትት ጣቶቹ አልከፈት አሉ፤ በሞቀ ውኃ እያሸች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«ለምን አጠፈው?» ብዬ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«እሱም አያውቅ» ይሉኛል፣ ቢላዋቸውን ሳያቆሙ። «እጁ ነው ያጠፈው።»

እህቴ ትርንጎ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች ናት፤ ያኔ ቡሬ እየተመላለሰች ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። በኩራዙ ብርሃን ደብተሯን እያነበበች ጆሮዋን ግን ወደ እኛ ትጥላለች። ወሬ ትወዳለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከአጥሩ ማዶ ሆና ትጀምርና ቦርሳዋን አውርዳ፣ እግሯን ታጥባ፣ እራቷን በልታም አትጨርስም። አባቴ «እስቲ ለነገም አስቀሪ» ሲላት እሷ «ለነገ ሌላ አለኝ» ትለው ነበር።

ወንዙ የመጣው በሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ አባቴ፣ ትርንጎና እኔ ከቡሬ ገበያ እየተመለስን ነበር። አህያችን ቡሊት ጨውና በጆንያ የተጠቀለለ ማረሻ ተጭናለች፤ እኔ አባቴ የገዛልኝን ሸንኮራ አገዳ እንደ ዱላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እከተላለሁ። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ወደ ሰከላ በኩል ግን ተራራው እስከማይታይ ድረስ ጠቁሮ አልፎ አልፎ ብልጭ ይል ነበር። ሩቅ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

ወንዛችን ስም አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁሉም «ወንዙ» ነው የሚለው። በበጋ ልጆች ይራጩበታል፤ በዚያ በሰኔ መጀመሪያም ገና ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። አባቴ የቡሊትን ገመድ ይዞ ቀድሞ ገባ። መሐል ላይ ቆማ ውኃ ልጠጣ ስትል ገመዱን ለቀቀላትና እሱ ማዶ ወጥቶ ጠበቃት። ትርንጎ እጄን ይዛ ተከተለች። ውኃው ሞቅ ያለ ነበር፤ ጠጠሩ በእግሬ ጣቶች መሐል ሲገባ ይታወቀኛል።

ድምፁን መጀመሪያ ስሰማው በአስፋልቱ ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና መሰለኝ። አስፋልቱ ግን ከኋላችን ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ከላይ፣ ወንዙ ከሚወርድበት በኩል ነበር። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የተገለበጠ አፈርና የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ። ትርንጎ ቆመች። ከዚያ በሁለት እጇ ብብቴን ይዛ አነሣችኝና ወደ መጣንበት ዳር ወረወረችኝ። ሸንኮራዬን እንደያዝኩ ሣሩ ላይ በደረቴ ወደቅሁ። ዞር ብዬ ሳይ የማውቀው ወንዝ የለም፤ በቦታው ግንድና ቅርንጫፍ የተሸከመ፣ አረፋ የሚተፋ፣ ቡናማ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይገሰግሳል።

ትርንጎን ወሰዳት። ወሰዳትና ብዙም ሳያርቅ ከአንድ የዶቅማ ዛፍ ላይ ጣላት። ዛፉ ቀድሞ ከዳር በደረቁ መሬት ላይ የነበረ ነው፤ አሁን ውኃው መሐል ቆሟል። ቅርንጫፉን ታቅፋ አየኋት። ውኃው እስከ ብብቷ ደርሷል፤ ቀሚሷ ከኋላዋ ተዘርግቶ ይወዛወዛል። ቡሊት የለችም። ማዶ አባቴ ቆሟል። ከውኃው ጩኸት በላይ የሚሰማኝ የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ አንድ ስም ደጋግሞ ይጠራል። የሚጠራው አህያዋን ነበር። «ቡሊት! ቡሊት!»

እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሸንኮራዬን ላጥኩ። በጥርሴ እየላጥኩ፣ እየነከስኩ፣ ጭማቂውን እየዋጥኩ፣ ምጣጩን ከጎኔ እየተፋሁ እህቴን አያት ነበር። አላለቀስኩም፤ አልተጣራሁም። አፌ ብቻውን ይሠራ ነበር።

ከኋላችን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱ። የጭነት ገመዶቻቸውን ፈትተው አንዱን ካንዱ ቀጣጠሉ፤ የማላውቀው አንድ ረጅም ሰው ጫፉን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውኃው ገፍቶ መለሰው፤ ከፍ ካለ ቦታ ጀምሮ እንደገና ገባ። ትርንጎን አቅፎ ሲወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ አንድ እጇ የዶቅማ ቅጠል እንደጨበጠ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻትና ጀርባዋን ታሸው ጀመር። ትርንጎ እንደ ሌላ ጊዜ ብትሆን ኖሮ ለሰዎቹ ስንት ነገር ትነግራቸው ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ውኃው እንደመጣው ሁሉ ቶሎ ጎደለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ውኃው ወገቡ ላይ እየደረሰ ወደ እኛ ተሻገረ። ከትርንጎ ፊት ቆመና ለረጅም ጊዜ አያት። እጁን ወደ ራሷ አስጠጋ፤ ሳይነካት መለሰው። ከዚያ «ቡሊትን ወሰዳት» አለ። ሰዎቹ ይዘውን ተሻገሩ፤ እኔን ያ ረጅሙ ሰው አዘለኝ። ቤት ስንደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ እስኪከፈት ድረስ ብዙ አንኳኳሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ስለ ወንዙ የሚያወራ አባቴ ብቻ ሆነ፤ እሱም የሚያወራው ስለ አህያዋ ነበር። ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ልጅህን አተረፈልህ» ሊለው ሲመጣ፣ «እንዲህ ያለች አህያ የት አገኛለሁ፤ ሕፃን እንኳ የሚነዳት፣ ጭነት የማትጥል» እያለ የቡሊትን ጠባይ ይዘረዝርለታል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይለዋወጣል፤ ግን እሷም ሌላ ሰው ሆና ነበር። ቤቱን ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። በረባ ባልረባው ትቆጣናለች፤ ከተኛን በኋላ ደግሞ እየመጣች ግንባራችንን ትዳስሳለች። እኔ ደህና የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። እበላለሁ፣ እጫወታለሁ፤ ጣፋጭ ነገር ብቻ አፌ ውስጥ ሲገባ ያቅለሸልሸኝ ነበር።

ትርንጎ ዝም አለች። የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፤ ቡሬ ግን አልሄድም አለች። መጀመሪያ ሆዴን ነው አለች፤ ቀጥሎ ራሴን። በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። ያ ወቅት ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የደረሰበት ነው። ፈተናው ካመለጣት ዓመቱ ይባክናል፤ በእኛ መንደር ትምህርት ያቋረጠች ልጃገረድ ደግሞ ቤት ብዙ አትቀመጥም፤ ሽማግሌ ይላክባታል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር።

አባቴ ይቆጣል። «ውኃው እኮ ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ሂጂና እዪው፤ ሕፃናት እየተራጩበት ነው።» እናቴ «ተዋት፤ ፈተና ነፍስ አይደለም» ትላለች። ጎረቤቶች ውኃ ዳር ክፉ መንፈስ ለክፏታል፣ ጠበል ትግባ አሉ። እናቴ ወሰደቻት፤ ትርንጎ ዝም ብላ ተጠመቀች፣ ዝም ብላ ተመለሰች።

አያ ልመንህ በዚያ ሁሉ መሐል ምንም አላሉም። ተረታቸውንም አቆሙ። ማታ ማታ የሚሰማው የቢላዋው ፍቀት ብቻ ሆነ። እኔ ፍቅፋቂ እየለቀምኩ «የነብሩን ይንገሩን» ስላቸው፣ ዐይናቸውን ከእንጨቱ ሳያነሡ «ቆዪ ሰርኬ፣ ገና ነው» ይሉኝ ነበር። ምኑ ገና እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ ምሽት ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ኩራዙ ከበሩ ሥር በሚገባው ነፋስ ይርገበገባል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከራሳችን በላይ ተኝቷል። ትርንጎ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ዝናቡ በበረታ ቁጥር ጣቶቿ ይቆማሉ፤ ሲቀንስ ይቀጥላሉ። አያ ልመንህ ይህን ሲያዩ ቆዩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ቢላዋቸውን መደቡ ላይ አስቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ፍቅፋቂ በሙሉ በእጃቸው ሰብስበው ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። እሳቱ ከፍ አለና የሁላችንም ፊት ታየ።

«ዛሬ እናንተ ንገሩኝ» አሉ። «ያን ዕለት እኔ አብሬያችሁ አልነበርኩም።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ይነገራል አያ፤ ቡሊት መሐል ላይ ቆማ ነበር፤ ያን ገመድ ባልለቀው ኖሮ...»

«የቡሊትን ሰምቻለሁ» አሉት ቀስ ብለው። «አንተስ? እግርህ ምን ሆነ?»

አባቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቱ የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ። አንድ ጉማጅ ወደ እሳቱ ገፋ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«ተተከለ» አለ በመጨረሻ። «እግሬ መሬት ውስጥ የገባ መሰለኝ። ልጄን አያታለሁ፤ ቅርንጫፉን ይዛለች። ልጠራት ፈለግሁ፤ አይዞሽ፣ አለሁ ልላት። ስሟ ጠፋኝ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ስሟ ጠፋኝ» አለ እንደገና። «እኔው ራሴ ያወጣሁላት ስም። አፌን ስከፍተው የሚወጣው የአህያዋ ስም ነው። ዝም ልበል ብልም አልቻልኩም፤ እሱኑ እደጋግመዋለሁ። እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን ላወራ አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ያው ነው።»

ትርንጎ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች።

«ሰምቼዎት ነበር አባዬ» አለች። ድምፅዋ ብዙ ቀን ሳይሠራበት የቆየ፣ ጎርነን ያለ ነበር። «ቡሊትን ሲጠሩ። ለካ የሚያሳዝናቸው እሷ ናት አልኩ።»

አባቴ ተነሥቶ ወደ እሷ ሊሄድ ሞከረ። አያ ልመንህ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጫን አደረጉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ያንቺስ እጅ?»

ትርንጎ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። የዶቅማው ቅርፊት የላጠው መዳፏ ገና አልሻረም ነበር።

«እጄን እኔ አላዘዝኩትም» አለች። «ራሱ ነው የያዘው። እኔማ...» መዳፏን ጨበጥ አደረገች። «እኔማ አንድ ጊዜ ልልቀቅ ብዬ ነበር። ደከመኝ። ውኃው መቀዝቀዙ ቀርቶ እንደ አልጋ ሆነብኝ፤ ብለቅ ደስ የሚለኝ መሰለኝ። አሁን ወንዙ ጋ ብሄድ ያ ነገር ተመልሶ የሚመጣብኝ ይመስለኛል። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ባይሞላም።»

ልጅ ብሆንም ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል። እናቴ ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ለእሳቱ የምትናገር ይመስል እሷም ጀመረች። የወንዙ ድምፅ ከሩቅ ተሰምቷት ነበር። እኛ የምንመለስበት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች። ጎረቤት ሁሉ ቁልቁል ሲሮጥ እሷ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከበሩ ጀርባ ቁጭ አለች።

«በሩ ካልተከፈተ ማንም ገብቶ ምንም አይነግረኝም ብዬ ነው» አለች። «ስታንኳኩ ሰምቻለሁ። እጄ ወደ መቀርቀሪያው አልሄድ አለኝ።»

«ሰርኬስ?» አሉ አያ ልመንህ።

ጆሮዬ ጋለ። ስለ ሸንኮራው ነገርኳቸው። እህቴ ውኃው ውስጥ ሆና እኔ ሣር ላይ ተቀምጬ ሳኝክ እንደነበር፣ እስኪያልቅም እንዳላቆምኩ ነገርኳቸው።

«ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

ትርንጎ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ እናቴ ሄዳ አቀፈቻት፤ አባቴ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። አያ ልመንህ ፈገግ ብለው እኔን አዩኝ። «አፍሽ ነው የበላው» አሉ። «አንቺማ እህትሽን ስትጠብቂ ነበር።»

ደፈር ብዬ «አንቱስ አያ? አንቱ ፈርተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቢላዋቸውን አነሡ። «በየማታው ስነግርሽ ኖርኩ እኮ» አሉ፤ እንጨታቸውንም መፋቅ ጀመሩ። ያኔ ጋቢውን ያጠፈው ሰው ማን እንደነበረ ገባኝ።

በማግስቱ ትርንጎ ብድግ ብላ ቡሬ ሄደች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እንዲያ አልሆነም። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ወጥተው ወንዙ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ተቀምጠው ተመለሱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። አባቴ ስለ ውኃው ማነስ አንድም ቃል አላነሣም፤ ስለ በሬዎቹና ስለ ዘሩ ሲያወራ ቆየ። ሌላ ቀን ዳሩ ድረስ ወረዱ። ሌላ ቀን እግሯን ነከረችና ፊቷ ገርጥቶ ቶሎ ወጣች። አያ ልመንህ አንዳንዴ አብረውን ይመጡና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «አትፍሪ» ሲሏት ሰምቼ አላውቅም። «አሁን የት ደረሰ?» ይሏታል፤ ፍርሃቱን ማለታቸው ነው። «ሆዴ ላይ ነው» ትላለች፤ ወይም «ጉሮሮዬ ላይ»። «እሺ፤ እስኪወርድ እንቀመጣለን» ይሏታል። ሲወርድላት ትሞክራለች፤ ካልወረደላት ወደ ቤት እንመለሳለን፤ ማንም አይቆጣም።

የፈተናው ዕለት ወንዙ ጉልበት ድረስ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ነበር። እናቴም ሥራዋን ትታ እስከ ዳሩ መጣች። ትርንጎ የፈተና መግቢያዋንና እርሳሷን በላስቲክ ጠቅልላ ከሻሿ ሥር ራሷ ላይ አስራዋለች። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እጇን ይዞ ገባ። መሐል ሲደርሱ ቆመች። ከዳር ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቦ አልወርድ አለ። እናቴ ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ ትጸልያለች።

አባቴ አልጎተታትም። ጎንበስ ብሎ ፊቷን እያየ «ትርንጎ» አላት። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ትርንጎ» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከምድጃው ወዲያ ማዶ ተቀምጣ የሚጠራት ያህል ነበር። ውኃው በጉልበታቸው ዙሪያ እየዞረ ያልፋል፤ እሱ ስሟን ይጠራል። በኋላ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ፤ አንድ እግሯን አነሣች፤ ቀጥላ ሌላውን። ማዶ ወጥተው ዳገቱን ሲይዙ ከሩቅ ድምፅዋ ተሰማኝ። ለአባቴ የሆነ ነገር እያወራችለት ነበር።

ፈተናውን አለፈች። ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ገባች፤ ከዚያም ትምህርቷን ቀጥላ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። እኔም እዚያው ከተማ አስተምራለሁ። አያ ልመንህ እሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች አረፉ፤ የጀመሩት ቀንበር ሳያልቅ መደባቸው ሥር ቀረ። አባቴ ሌላ አህያ ገዛ፤ ለአዲሷ ግን ስም አላወጣላትም።

አያ ልመንህ ከነገሩኝ ተረት አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ አንዳንዱን ለተማሪዎቼ ላወራ ስጀምር መጨረሻው ይጠፋብኛል። የቀረኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ከመብረቅ ወይም ከጎርፍ ተርፎ ሳይ፣ አንዱ ሲስቅ፣ ሌላው ሲቆጣ፣ አንዷ ደጋግማ ስትጠርግ፣ ሌላው ስለ ጠፋችበት በግ ብቻ ሲያወራ፣ ልቡ ደንዳና ነው ለማለት አልቸኩልም። የሚናገረው ሌላ ነገር እስኪመጣለት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በቤታችንም ከዚያ ምሽት ወዲህ «ፈራሁ» የሚለው ቃል «ራበኝ» ወይም «ደከመኝ» እንደሚባለው ያለ ምንም ማፈር ይባላል። ስንቱ ቤት ይህ ቃል ሳይነገር ሰው እንደሚያረጅበት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ወንዙ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቶበታል። ባለፈው ክረምት ትርንጎ፣ ትንሿ ልጇና እኔ እናታችንን ልንጠይቅ ወደ መንደራችን ሄድን። ከቡሬ ያመጣን ባጃጅ ጭቃውን ፈርቶ ከድልድዩ ወዲህ አወረደን። ትርንጎ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነው የመጣችው፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት። ድልድዩ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዐረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ አቆመች። ከሥራችን ውኃው ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እየጎተተ ይወርዳል።

ልጅቱ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው» አለቻት ትርንጎ።

ልጅቱ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ጠጋ ብላ ውኃውን አየች፤ ቶሎ ብላም ተመለሰች። «እኔም» አለችና እጇን ዘረጋችላት። ትርንጎ ያዘችው፤ የትርንጎን ሌላኛውን እጅ እኔ ያዝኩ። ትንሽ ቆምን። ከዚያ ልጅቱ «እሺ፣ አሁን እንሂድ» አለች፤ ውኃው ከእግራችን በታች እያጓራ፣ ሦስታችንም ቀስ ብለን ተሻገርን።